ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ፦ እኔን ያስቀረኝ ፋይል ማናጀሩ ነው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ፅህፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፣ ሁለት ዴስክቶፕ አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለቱ ዴስክቶፖች ላይ ከ2017 ኅዳር ጀምሮ የሚሰራው ሊኑክስ ሚንት 22 ነው፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነፃ ሲስተም፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ያለበት። ስለ ሊኑክስ በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው "ፈጣን ነው፣ ቫይረስ አይነካውም፣ ነፃ ነው" ይልና ያልቃል፣ ይሄን ብቻ ሰምቶ ደግሞ በጠዋት ብርዱ ጣቱን እያደነዘዘው ፍላሽ ይዞ የተሰለፈ ሰው የሚያስተናግድ ምን ይጠቀማል። እኔ የምጽፈው ስለ ፋይል ማናጀሩ፣ ማለትም ፎልደር ስንከፍት ስለሚመጣው መስኮት፣ እና ስለ ዴስክቶፑ ሴቲንግ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አይኔ ያለው እሱ ላይ ነዋ፣ ኮምፒውተር ማለት ለኔ ፎልደር መክፈት፣ ኮፒ፣ ስም መቀየር፣ ፕሪንት፣ በቃ።

ለምን እንደቀየርኩ ባጭሩ። ዴስክቶፖቹ አራተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 3 ናቸው፣ 4 ጊጋ ራም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 2018 ላይ እንደሚያበቃ፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 14 2025 ማለት ነው፣ ቀድሞ ተነግሮ ነበር፣ 11ዱ ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለ ኢንቴል ነው የሚጠይቀው፣ ስለዚ የኔዎቹ ጡረታ ሊወጡ ነው። አዲስ ልግዛ እንዳትሉ ደግሞ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። ዋይፋይ ያለበት ካፌ ቁጭ ብዬ ሁለት ማኪያቶ እስክጠጣ 3 ጊጋ የሚጠጋውን የሚንት መጫኛ ፋይል (አይኤስኦ) አወረድኩት፣ ሚንት ራሱ 2 ጊጋ ራም ይበቃኛል ግን ለምቾት 4 ይሁን ይላል፣ ድጋፉ በፈረንጅ እስከ 2029 ነው። የድሮውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ቀይሬዋለሁ፣ እሱን ሳታረጉ ጭናችሁ ተንቀራፈፈ ብላችሁ እንዳትረግሙኝ።

ፋይል ማናጀሩ ቱናር ይባላል። መጀመሪያ ስትከፍቱት ደረቅ ነው፣ ትልልቅ አይከን፣ ግራ በኩል የቦታዎች ዝርዝር፣ ከላይ ጥቂት ቁልፎች፣ አለቀ። እኔም አንድ ሳምንት ያህል ምን ውስጥ ነው የገባሁት እያልኩ ነበር፣ ልመልሰውም ሀሳብ ነበረኝ። ከዛ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ኤዲት ውስጥ ፕሪፈረንስስ የሚለውን ከላይ እስከ ታች አንድ ባንድ ነካካሁት። ፎልደር ሲከፈት በዝርዝር እንዲመጣ አረግኩ፣ ለኔ ስራ ከስዕሉ ይልቅ ቀኑና መጠኑ ነው የሚጠቅመኝ፣ የፎቶ ፎልደሮቹን ግን በስዕል ነው የምፈልጋቸው፣ ለዚህ እያንዳንዱን ፎልደር እንደተውኩት አስታውስልኝ የሚል ምርጫ አለው፣ እሱን ቲክ ማረግ ነው። ቱልባሩ ላይ፣ ከላይ ያለው የቁልፎች መደዳ ማለት ነው፣ ራይት ክሊክ ብላችሁ ደግሞ የማትፈልጉትን ቁልፍ ታወጣላችሁ፣ የምትፈልጉትን ታስገባላችሁ። ይሄ የመጣው በኤክስኤፍሲኢ 4.18 ነው፣ 2022 ዲሴምበር ላይ የወጣችው፣ ከሷ በፊት የነበረውን ቱናር አይታችሁ የተዋችሁ ካላችሁ እንደገና ብታዩት ደስ ይለኛል። ኤፍ 3 ስትጫኑ መስኮቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ግራ የደንበኛው ፍላሽ፣ ቀኝ የሱቁ ፎልደር፣ ከዚህ ወደዛ መጎተት ብቻ። ድሮ ሁለት መስኮት ተደራርቦብኝ የአንዱን ደንበኛ ፋይል በሌላው ላይ ገልብጬ የሆንኩትን መሆን... አይነሳ። ስም የቀየራችሁትን፣ ወደ ትራሽ የላካችሁትን ኮንትሮል ዜድ ይመልሰዋል፣ ይሄም ከ4.18 በፊት አልነበረም።

አሁን የሚያናድደው። መልክን የሚመለከት ሴቲንግ አንድ ቦታ አይደለም ያለው፣ እንደ ዘር ተበትኗል። የጽሁፍ ፎንትና አይከን አፒራንስ ውስጥ ነው፣ የመስኮቱ አናት ላይ ያለው የርዕስ ፎንት ግን ዊንዶው ማናጀር ውስጥ፣ የመስኮት ጥላና ብርሃን አሳላፊነት የመሳሰለው ዊንዶው ማናጀር ትዊክስ የሚባል ሌላ ቦታ፣ ዎልፔፐርና የዴስክቶፕ አይከን ዴስክቶፕ በሚለው፣ ሜኑና ሰዓት ያለበት ፓነል ለብቻው፣ ቱናር ደግሞ ጭራሽ ጎጆ ወጥቶ የራሱ ቤት አለው። አይኔ ስለሚደክመኝ ፎንቱን አሳድጌው የርዕሱ ብቻ ትንሽ ሆኖ ቀረ፣ ግማሽ ሰዓት አፒራንስ ውስጥ ስቆፍር ቆይቼ ለካ ቤቱ ሌላ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመስኮቱ ጠርዝ ቀጭን ከመሆኑ የተነሳ በማውስ መያዝ ክር በመርፌ ማስገባት ነው፣ መፍትሄው ጠርዙን መርሳት፣ ኦልት ይዛችሁ መስኮቱ ላይ የትም ቦታ በቀኝ ክሊክ ጎትቱት ይለጠጣል ይጠባል፣ ይሄን ያወቅኩት ከስንት ወር በኋላ። ያረጀ ማሽን ያላችሁ ትዊክስ ውስጥ ኮምፖዚተር የሚለውን ብታጠፉት ይቀልለዋል፣ ጥላ ይጠፋል እንጂ ሌላ የሚጎድል ነገር አላየሁም።

ይሄን ሁሉ ያስረሳኝ ነገር ላይ ልምጣ። ቱናር ኤዲት ውስጥ ኮንፊገር ከስተም አክሽንስ የሚል አለ። ስም ትሰጡታላችሁ፣ ትዕዛዝ ትጽፉለታላችሁ፣ ለምን አይነት ፋይል ብቻ እንደሚወጣ ትነግሩታላችሁ፣ ከዛ ወዲያ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ ስትሉ የናንተው ትዕዛዝ ከነ ኮፒ ጋር ተሰልፎ ይጠብቃችኋል። ስሙን በአማርኛ ብትጽፉትም ምንም አይለውም።

የኔ የመጀመሪያው "ጉርድ 8" ይባላል። ጉርድ ፎቶ የኛ እንጀራ ነው፣ ምዝገባ ሲሆን፣ መታወቂያ ሲሆን፣ ስራ ማመልከቻ ሲወጣ በሩ አይዘጋም፣ በፊት አንዱን ፎቶ ስምንት ቦታ በእጄ እየደረደርኩ ነበር የማትመው። አሁን ፎቶውን በ3 ለ 4 ልክ እቆርጠዋለሁ፣ ራይት ክሊክ፣ ጉርድ 8፣ ስምንቱም ተደርድረው አዲስ ፋይል ሆነው ይወጣሉ። ውስጡ ያለው ኢሜጅማጂክ የሚባለው የፎቶ ማቀነባበሪያ ነው፣ ከሶፍትዌር ማናጀሩ ይጫናል፣ ሞንታዥ የሚል ትዕዛዝ አለው፣ ፐርሰንት ትንሹ ኤፍ (%f) ማለት ለቱናር "የተመረጠው ፋይል" ማለት ስለሆነ እሱን ስምንት ጊዜ ደግሜ ጻፍኩት፣ አራት በሁለት ደርድር አልኩት፣ የእያንዳንዱን ልክ 354 በ472 ፒክስል፣ ይሄ 3 በ4 ሴንቲ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲሰላ የሚመጣው ነው። 10 በ15 ወረቀት ላይ ልክክ ይላል፣ ጠርዝም ይተርፈዋል። ፕሪንት ስታረጉ ግን ከወረቀቱ ጋር አስተካክል የሚለውን አጥፉት፣ አለበለዚያ ይለጥጠውና ፎቶው ከልኩ ይወጣል፣ አንድ ቀን እንደዛ አርጌ ደንበኛዬ "ፊቴን አወፈርከው" ብሎኝ በነፃ ደግሜለታለሁ። አንድ ጥንቃቄ፣ የሚወጣውን ፋይል ስም ከመነሻው የተለየ አርጉት፣ ያው ስም ከሆነ የደንበኛውን ፎቶ በላዩ ላይ ይጽፍበታል፣ ይቅርታ ልጠይቅህም አይል።

ሁለተኛው "ፒዲኤፍ አርገው" ነው፣ እንደ ወርድ የምንጽፍበትን ሊብሬ ኦፊስን መስኮቱ ሳይከፈት ከኋላ የሚያሰራ ትዕዛዝ። እዚህ ላይ ፐርሰንት ትልቁን ኤፍ (%F) ነው የምትጠቀሙት፣ ብዙ ፋይል ባንዴ እንዲወስድ። አስር የወርድ ፋይል መርጣችሁ አንዴ ነክታችሁ ሌላ ደንበኛ ታስተናግዳላችሁ። የኔው ላይ ሊብሬ ኦፊስ ክፍት ሆኖ ሳለ ስነካው ዝም ነው ያለኝ፣ ስህተትም አላወጣ ፒዲኤፍም አላወጣ፣ ዘግቼ ስሞክር ሰራ፣ ከዛ ወዲህ ዘግቼ ነው የምነካው።

ስም መቀየርም በቱናር ደስ ይላል፣ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ፎቶ ከካሜራ እንደወጣ ይዞ ሲመጣ 60 ፋይል ሁሉም የካሜራ ቁጥር ነው፣ ሁሉንም መርጣችሁ ኤፍ 2 ስትሉ ሌላ መስኮት ይከፈታል፣ እዛ ቁጥር መስጠት፣ አንዱን ቃል በሌላ መተካት፣ ከመነካቱ በፊት አሮጌውና አዲሱ ስም ጎን ለጎን ይታያል። ብዙም የሚወራለት የለም፣ ይሰራል።

የዱቤ ነገር ላውራ። አገራችን ነውና ሰው "ነገ አመጣለሁ" ብሎ ይሄዳል፣ ደብተሩን ደግሞ ማን ያየዋል። ቱናር ውስጥ ፎልደር ላይ ፕሮፐርቲስ ስትሉ ሃይላይት የሚል ገፅ አለ፣ ለዛ ፎልደር ብቻ የጀርባና የፊደል ቀለም ትመርጡለታላችሁ። ያልከፈለ ቀይ፣ ቀብድ የሰጠ ቢጫ፣ የከፈለ ዝም ብሎ ነጭ። የምትረዳኝ ልጅ ዝርዝሩን ከፍታ "እሳቸው ቀይ ናቸው" ትለኛለች በሹክሹክታ፣ ደንበኛውም ግድግዳውን ያያል። ቀለሙ ግን እዛው ማሽን ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ፎልደሩን ወደ ፍላሽ ገልብጣችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትከፍቱት ቀለም የለውም፣ ጥሩ ነው እሱስ፣ ሰውየው ቀይነቱን ይዞ ቤቱ ቢገባ ጉድ ነበር።

ፍላሽ። እዚህ ከመንዝም ከአንኮበርም ከደብረ ሲናም የሚመጣ ሰው ፍላሹን ስንት ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ እንደመጣ እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ያቺ ሁሉን ነገር ሾርትከት የምታረገዋ ቫይረስ ያልገባበት ማግኘት ሎተሪ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ፅሁፉን ይዞ መጣ፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ዊንዶውስ ላይ ሲከፍተው አንዲት ሾርትከት ብቻ ናት ያለችው፣ ጠፋ ብሏል። ቱናር ላይ ስንሰካው ስም የሌለው ፎልደር ቁጭ ብሏል፣ ውስጡ ስንገባ ምዕራፍ አንድ እስከ አምስት እንዳለ። ቫይረሷ ፋይሉን አትሰርዝም፣ ስሙ ባዶ የሚመስል ፎልደር ውስጥ ከታ ለዊንዶውስ የድብቅ ምልክት ነው የምትለጥፍበት፣ ሊኑክስ ላይ ድብቅ የሚባለው ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ስለሆነ ያንን ምልክት አይቆጥረውም፣ ሁሉን ያሳያችኋል። ልጁ ተአምር የሰራሁ መስሎት ሊስመኝ ነበር። ግን ልብ በሉ፣ ለሊኑክሱ ምንም አትሆንበትም እንጂ ቫይረሷ ፍላሹ ላይ እንዳለች ናት፣ ሾርትከቷንና አብራት ያለችውን የማታውቁትን ፋይል ካላጠፋችሁ ሰውየው ቤቱ ሄዶ ዊንዶውሱ ላይ ሲሰካት ስራዋን ትቀጥላለች።

በዚሁ ፍላሽ የኔንም ጥፋት ልናገር። ሊኑክስ ኮፒ ሲያረግ መጀመሪያ ሚሞሪው ላይ ይይዝና ፍላሹ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚያራግፈው፣ ስለዚ መስኮቱ ጨረስኩ ብሎ ተዘግቶ ፍላሹ ገና እየጻፈ ሊሆን ይችላል። በገበያ ቀን ግርግር አንዷ እናት የልጃቸውን ሰርግ ፎቶ አስገልብጠው፣ አለቀ ብዬ ነቅዬ ሰጠኋቸው፣ ማግስቱን ግማሹ አይከፈትም ብለው ተመለሱ፣ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው። ኦሪጅናሉ እኔ ጋር ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር። ከዛ ቀን ወዲህ በግራ በኩል ከፍላሹ ስም አጠገብ ያለችውን የማውጫ ምልክት ሳይነኩ መንቀል ሱቁ ውስጥ ክልክል ነው።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ የሰራሁትን ካልነገርኳችሁ አይሆንም። ፓነሉ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፣ ደንበኛ "ስንት ሰዓት ሆነ" ሲለኝ ስድስት እየቀነስኩ ኖሬያለሁ። ሰዓቱ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ታይምዞን የሚል ሳጥን አለ፣ እዛ ቦነስ አይረስ አልኩት። አርጀንቲና ከኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ሰዓት የማዘዋወር ነገርም የላቸውም አሁን፣ ስለዚ እዚህ ጠዋት ሶስት ሰዓት ሲሆን እዛ በነሱ ሌሊት ሶስት ነው፣ ፓነሉ 3 ይላል። ባለ 12 ሰዓት አቆጣጠር ምረጡለት። ይባስ ብሎ ኤኤም የሚለው ቀን፣ ፒኤም የሚለው ማታ ሆኖ ቁጭ አለ፣ ቀኑም የሚቀየረው እንደኛው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ይሄ የሚነካው ፓነሉ ላይ የሚታየውን ብቻ ነው፣ የማሽኑ ሰዓት የአዲስ አበባ እንደሆነ ይቀራል፣ የፋይሎቹም ቀን አይዛባም። የኛን የቀን መቁጠሪያ ግን አያውቅም፣ ለሱ ግድግዳው ላይ ስዕለ ማርያም ያለበትን ካላንደር ሰቅያለሁ።

አማርኛ ፅህፈት፣ እዚህ ደስታዬ ሙሉ አይደለም። አይባስ እና ኤም 17 ኤን የሚባሉትን የፅህፈት ፕሮግራሞች ጭናችሁ ሴራ የሚለውን ኪቦርድ ትመርጣላችሁ፣ እንደሚነበበው በእንግሊዝኛ ፊደል መምታት ነው፣ ግን አመሉን መልመድ አለባችሁ፣ ሸ ያለችው ኤክስ ላይ ነው፣ ጨ ደግሞ ትልቁ ሲ ላይ። የምትረዳኝ ልጅ ጣቷ የለመደው ሌላ ስለነበር ሁለት ሳምንት አኩርፋ ነበር። የባሰው ፎንት ነው። ደንበኛ በኒያላ ጽፎ ያመጣው ደብዳቤ፣ ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ስለሆነ ሚንት ላይ የለም፣ በሌላ ተክቶ ያሳየዋል፣ ፊደሉ ይነበባል ግን መስመሩ ይገፋል፣ አንድ ገፅ የነበረው ሁለት ይሆናል፣ ፊርማው ብቻውን ማዶ ይሻገራል። ድሮ ዩኒኮድ ከሚባለው የጋራ የፊደል ኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነማ የሚታየው ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። አቢሲኒካ እና ኖቶ ኢትዮፒክ ቆንጆ ናቸው፣ አዲስ ለሚጻፍ ነገር በነሱ ነው የምሰራው፣ ለአሮጌው ግን ላፕቶፗን ዊንዶውስ ላይ ትቻታለሁ፣ አንዷ ፕሪንተሬም ለሊኑክስ ድራይቨር ስላላገኘሁላት እሷ ላይ ናት የተሰካችው። ሁሉንም ነቅላችሁ ሊኑክስ ብቻ አርጉ የሚሏችሁ ሰዎች ፅህፈት ቤት የላቸውም።

የሚንቱን ቋንቋ ራሱን አማርኛ ማረግም ሞክሬ ነበር፣ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ አንዱ ሜኑ ውስጥ ሁለቱም ሲጋፉ አይቼ በማግስቱ መለስኩት።

ሁለተኛውን ዴስክቶፕ ሳዘጋጅ ያ የእሁድ ስራ ሁሉ እንደገና ሊጀመር ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ሆም ፎልደር ውስጥ ኮንትሮል ኤች ብትሉ ስማቸው በነጥብ የሚጀምሩት ይወጣሉ፣ ከነሱ ውስጥ ኮንፊግ የሚለው ውስጥ ቱናር የሚል ፎልደር አለ፣ የሰራችኋቸው የራይት ክሊክ ትዕዛዞች ዩሲኤ በሚባል አንድ ኤክስኤምኤል ፋይል ተጠቃለው እዛ ቁጭ ብለዋል፣ የፓነሉና የዴስክቶፑ ደግሞ እዛው ኤክስኤፍሲኢ 4 የሚለው ውስጥ። በፍላሽ ገልብጬ ሁለተኛው ላይ በቦታቸው አስቀመጥኳቸው፣ ወጥቼ ስገባ ጉርድ 8ም ቦነስ አይረስም መጥተዋል። ኔትወርክ አላስፈለገም፣ አካውንት ክፈት ያለኝ የለም፣ የዛን ቀን ደግሞ ዳታ ጭራሽ አልነበረም። አዲሱ ማሽን ላይ የተጠቃሚውን ስም እንደ መጀመሪያው አንድ አይነት ብታረጉት ይመረጣል፣ እኔ ሌላ ስም ሰጥቼው የዎልፔፐሩን ስዕል ሲያጣው ጊዜ እንደገና መርጬለታለሁ፣ እሱ ብቻ ነው የጎደለው።

እዚሁ ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ፅህፈት ቤትም ሆነ ፎቶ ቤት ያላችሁ፣ ያቺን የራይት ክሊክ ትዕዛዞቹ ያሉባትን ፋይል ከፈለጋችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ብቅ በሉ፣ ቡናም ከተፈላ እንጠጣለን፣ ፍላሹን ግን እኔ ካልነቀልኩት አትነቅሉትም።